የሞተር ሳይክል ሄልሜት አመራረጥ፦ ከቀለሙና ከዋጋው በፊት ምን ይታይ?

ሄልሜት ለመግዛት ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው፤ ቀጥሎ ዋጋውን ይጠይቃል፤ ከዚያም ራሱ ላይ አድርጎ በመስታወት ይመለከታል። ከሦስቱ አንዱም ሄልሜቱ በአደጋ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ አይነግረውም። ደህንነቱ ያለው ሻጩ ብዙውን ጊዜ ገልጦ በማያሳየው በውስጠኛው ፎም፣ ማሰሪያው ላይ በተሰፋች ትንሽ ጨርቅና በገዢው በራሱ ጭንቅላት ልክ ላይ ነው። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ግምገማ፣ አደጋ ከደረሰባቸው ሞተረኞች መካከል ሄልሜት ያደረጉት የመሞት ዕድላቸው በ42 በመቶ፣ ጭንቅላታቸው የመጎዳት ዕድሉ ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አስልቷል። ይህን ጥቅም የሚያስገኘው ግን ሄልሜት የሚመስል ነገር ሁሉ አይደለም፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች ሱቁ ውስጥ እንደቆሙ አንድ በአንድ ይከተሉ።

አስቀድሞ፦ ሄልሜት በምኑ ያድናል?

ይህ ክፍል ካልገባን የቀሩት ምክሮች ሁሉ የባለሙያ ትእዛዝ ብቻ ይሆኑብናል። ሄልሜት አራት ዋና ክፍሎች አሉት፦ ጠንካራው የውጭ ቅርፊት፣ ከቅርፊቱ በስተውስጥ ያለው ኢፒኤስ የሚባል ደረቅ ፎም፣ ፊትና ጉንጭ የሚነካው ለስላሳ ስፖንጅና የአገጭ ማሰሪያው። ብዙ ሰው የሚያድነው የቅርፊቱ ጥንካሬ ይመስለዋል፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ፎሙ ነው። ኢፒኤስ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚገኘው ነጭ ፎም ራሱ ሲሆን፣ ለሄልሜት ግን እፍጋቱ ተመጥኖ ይመረታል። ጭንቅላት አስፋልት ሲመታ ቅርፊቱ ግጭቱን ሰፋ ወዳለ ቦታ ያሰራጨዋል፣ ፎሙ ደግሞ ይደቅቃል፤ በመድቀቁም ጭንቅላቱ እስኪቆም የሚወስደውን ጊዜ በጥቂት ሺህኛ ሰከንዶች ያራዝመዋል። አንጎል ከራስ ቅሉ ግድግዳ ጋር በኃይል እንዳይላተም የሚያደርገው ይህ እጅግ አጭር ጊዜ ነው። ቻርልስ ሎምባርድ የተባለ የደቡባዊ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ለዚህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1953 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቷል፤ ዛሬ የሚመረተው ደህና ሄልሜት ሁሉ በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው፣ ፎም የሌለው ወይም ስስ ስፖንጅ ብቻ የተለጠፈበት ቅርፊት፣ ምንም ያህል ቢጠነክር ግጭቱን በቀጥታ ወደ ጭንቅላት ያስተላልፋል። የግንባታ ሠራተኛ ቆብ ከላይ የሚወድቅ ነገርን ለመመከት፣ የብስክሌት ሄልሜት ደግሞ ለሌላ ዓይነት አወዳደቅ የተሠሩ ናቸው፤ ሞተር ላይ ሁለቱም አይተኩም። ሁለተኛው፣ አንዴ የደቀቀ ፎም ወደ ቦታው አይመለስም፤ በዚህ ላይ መጨረሻው ላይ እንመለስበታለን።

«በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስነዳ የትኛው ሄልሜት ነው የሚያድነኝ?» የሚል ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሳል። የሞተር ሄልሜት ደረጃን የሚወስነው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 22 የሚጠይቀው መደበኛ የግጭት ፈተና የሚካሄደው በሰከንድ 7.5 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቁጥሩን የሰማ ሰው ቀልድ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ከሞተር የወደቀ ሰው ጭንቅላት መሬትን የሚመታበት ፍጥነት በአብዛኛው የሚወሰነው በአወዳደቁ ከፍታ እንጂ ሞተሩ ወደፊት በሚሄድበት ፍጥነት አይደለም። ከ1.6 ሜትር ከፍታ የወደቀ ጭንቅላት መሬት የሚደርሰው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ነው፤ የወደፊቱ ፍጥነት ደግሞ ሰውየውን ያንሸራትተዋል፣ ጭንቅላቱንም ያሽከረክረዋል። ግድግዳ ወይም የጭነት መኪና ፊት ለፊት ሲመታ ግን ይህ ስሌት አይሠራም፤ እዚያ ላይ ማንኛውም ሄልሜት ወሰን አለው።

ደረጃ 1፦ የማረጋገጫ ምልክቱን ያንብቡ

ሄልሜቱን ገልብጠው የአገጭ ማሰሪያውን ይከተሉ። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 22 የጸደቀ ሄልሜት ማሰሪያው ላይ የተሰፋ ትንሽ ጨርቅ አለው። በጨርቁ ላይ በክብ ውስጥ «ኢ» የተባለው የላቲን ፊደል ከአንድ ቁጥር ጋር ይታያል፤ ቁጥሩ ማጽደቂያውን የሰጠውን አገር ያመለክታል፦ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣሊያን፣ 4 ኔዘርላንድስ፣ 9 ስፔን ነው። ሄልሜቱ እዚያ አገር ተመረተ ማለት አይደለም፤ ቻይና ተመርቶ ጣሊያን የጸደቀ ሄልሜት ሞልቷል።

ከክቡ አጠገብ ያለው ረጅም ቁጥር የበለጠ ይናገራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች 05 ከሆኑ ሄልሜቱ የተፈተነው በቀድሞው የደንቡ ስሪት ነው፤ 06 ከሆኑ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ላይ በዋለው በአዲሱ ነው። አዲሱ ስሪት በዝቅተኛም በከፍተኛም ፍጥነት የሚደረጉ ግጭቶችን ጨምሯል፤ ከሁሉም በላይ ግን ሄልሜቱ ዘንበል ባለ ገጽ ላይ ሲወድቅ ጭንቅላቱ ምን ያህል እንደሚሽከረከር ይለካል። አንጎልን ክፉኛ ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ ይህ መሽከርከር በመሆኑ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀርቡልኝና የዋጋቸው ልዩነት ጥቂት ቢሆን ያለ ማመንታት 06ን እወስዳለሁ። 05 ግን የሚናቅ አይደለም፤ ምንም ምልክት ከሌለው እጅግ ይሻላል።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ያሉት የላቲን ፊደላት የሄልሜቱን ዓይነት ይገልጻሉ። «ፒ» አገጭ ላይ ያለው መከላከያ ተፈትኖ ያለፈ መሆኑን፣ «ጄ» አገጩ ክፍት መሆኑን፣ «ኤንፒ» ደግሞ የአገጭ መሸፈኛ ቢኖረውም የማይከላከል መሆኑን ያሳያሉ። የመጨረሻው ብዙ ሰው ያታልላል፤ ከሩቅ ሲያዩት ሙሉ ሄልሜት ይመስላልና።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶች የሚልኩት ሄልሜት በአብዛኛው የሚይዘው ዶት የተባለውን የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ምልክት ነው። ከእ.ኤ.አ. 2013 ወዲህ የተመረተ ከሆነ ከኋላ በኩል ያለው ስቲከር ከሦስቱ የዶት ፊደላት በተጨማሪ የአምራቹን ወይም የምርቱን ስም፣ ሞዴሉን፣ የደረጃውን ቁጥር 218 እና «የተረጋገጠ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በጽሑፍ መያዝ አለበት። ሦስቱ ፊደላት ብቻ ያሉበት ስቲከር አጠራጣሪ ነው፤ ለብቻው ተገዝቶ የሚለጠፍ ስቲከር አለና። አሠራሩንም ማወቅ ይጠቅማል፦ በዶት ሥርዓት አምራቹ ራሱ ምርቱ ደረጃውን ማሟላቱን ያረጋግጣል፣ መንግሥት ደግሞ ከገበያ ናሙና ገዝቶ ይፈትሻል፤ በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ግን ሄልሜቱ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ገለልተኛ ቤተ ሙከራ ይፈትነዋል።

ቦክሰርና ቲቪኤስ ሞተሮች ከሚመጡባት ከህንድ የሚገቡ ሄልሜቶች አይኤስአይ የተባለው የህንድ የደረጃ ምልክትና አይኤስ 4151 የሚል የደረጃ ቁጥር ሊኖራቸው ይገባል፤ ህንድ ከእ.ኤ.አ. ሰኔ 2021 ጀምሮ ይህ ምልክት የሌለው የሞተር ሄልሜት በአገሯ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ከምልክቱ ሥር የፈቃድ ቁጥር አለ፤ የህንድ ደረጃዎች መሥሪያ ቤት ባዘጋጀው ቢአይኤስ ኬር በተባለ የስልክ መተግበሪያ ቁጥሩን አስገብቶ የማን ፈቃድ እንደሆነ ማየት ይቻላል። የቻይናው ደረጃ ጂቢ 811 ሲሆን፣ የታደሰው ስሪት ከቁጥሩ ጋር 2022 የሚለውን ዓመት (እ.ኤ.አ.) ይይዛል።

ደረጃ 2፦ በእጅዎ ይመርምሩት

ምልክት ሊጭበረበር ይችላል፤ ፎምን ማጭበርበር ግን ይከብዳል። የአናቱን ጨርቅ ጠርዝ በጣትዎ ገለጥ ያድርጉና ከሥሩ ያለውን ይመልከቱ። ነጭ፣ ጥቁር ወይም ግራጫ የሆነ፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት በቀላሉ የማይሰረጉድ ደረቅ ፎም ማግኘት አለብዎት፤ ውፍረቱም ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሊጠጋ ይገባል። እንደ ፍራሽ ስፖንጅ ተጨምቆ የሚመለስ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ከጨርቁ ሥር ወዲያው የፕላስቲክ ቅርፊቱን ከነኩ፣ በእጅዎ ያለው ሄልሜት ሳይሆን ቆብ ነው፤ መልሰው ያስቀምጡት። ፎሙ ከጆሮ በላይ ባሉት ጎኖችና በማጅራት በኩልም መኖሩን ያረጋግጡ፤ በርካሽ ምርቶች ላይ አናቱ ላይ ብቻ ተደርጎ ጎኖቹ ባዶ የሚቀሩበት ጊዜ አለ።

ክብደቱም ይናገራል። ፊትን በሙሉ የሚሸፍን ደህና ሄልሜት ብዙውን ጊዜ ከ1.2 እስከ 1.7 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ከሆነ ፎሙ የለም ማለት ነው። ቅርፊቱን በሁለት መዳፎችዎ ከግራና ከቀኝ ጫን ሲያደርጉት እንደ ባልዲ መተጣጠፍ የለበትም። ቀንድ፣ ጆሮና ሾጣጣ ጌጥ የተተከለበትን ምንም ቢያምር ይተዉት፤ አስፋልት ላይ ሲንሸራተቱ የሚይዝ ነገር ሁሉ አንገትን ይጠመዝዛል።

በመጨረሻ የምርት ቀኑን ይፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ ከውስጥ በኩል ወይም ማሰሪያው ላይ ይገኛል። አዲስ ተብሎ የሚሸጥ ሄልሜት መደርደሪያ ላይ ዓመታት ፀሐይ ሲመታው የኖረ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 3፦ ዓይነቱን ይወስኑ

ፊትን በሙሉ የሚሸፍነውን እመክራለሁ። ዲትማር ኦቴ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በሞተረኞች ሄልሜት ላይ የተገኙ የግጭት ምልክቶችን ሲመረምር፣ ከሦስቱ አንዱ ያህል በአገጭና በመንጋጋ አካባቢ ያረፉ ሆነው አግኝቷቸዋል። ክፍት ሄልሜት ይህን ቦታ ያለ መከላከያ ይተወዋል። ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ ሙቀት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ዕቃ የሚያመላልስ ሰው «ይህማ ያፍነኛል» ቢል አይፈረድበትም፤ መፍትሔው ግን ግንባሩና አገጩ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ የአየር ማስገቢያ ያለው፣ ቀለሙም ነጣ ያለ ሙሉ ሄልሜት መፈለግ ነው። አገጩ ወደ ላይ የሚከፈተው ዓይነት በየደጁ ቆሞ ደንበኛ ለሚያነጋግር አድራሽ ይመቻል፤ ምልክቱ «ፒ» እና «ጄ» ሁለቱንም መያዙን አይቶ፣ በጉዞ ላይ ዘግቶ መንዳት ያስፈልጋል።

ደረጃ 4፦ ልክዎን ይፈልጉ

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ይውሰዱ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘው ከቅንድብዎ በላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርገው፣ ከጆሮ በላይ አሳልፈው፣ ከኋላ ጎልቶ በሚወጣው የራስ ቅል ላይ ያዙሩት። ሦስት ጊዜ ለክተው ትልቁን ቁጥር ይያዙ። በብዙ አምራቾች ዘንድ 55 እና 56 ሴንቲ ሜትር ትንሹ «ኤስ»፣ 57 እና 58 መካከለኛው «ኤም»፣ 59 እና 60 ትልቁ «ኤል» ነው፤ ይሁን እንጂ አምራች ከአምራች ስለሚለያይ የዚያን ሄልሜት የራሱን ሰንጠረዥ ማየት ይበልጣል።

ቁጥሩ መነሻ ብቻ ነው። ዙሪያቸው እኩል 58 የሆነ ሁለት ሰዎች አንዱ ከፊት ወደ ኋላ ሞላላ፣ ሌላው ክብ ጭንቅላት ሊኖራቸው ይችላል፤ ለአንዱ የሚስማማ ሄልሜት የሌላውን ግንባር ይወጋል። ስለዚህ ማሰሪያዎቹን ከግራና ከቀኝ ይዘው ወደ ውጭ እየለጠጡ ያጥልቁት። ሲገባ ማስቸገሩ ጥሩ ምልክት ነው። ከገባ በኋላ የአናቱ ጨርቅ አናትዎን መንካት፣ የፊቱ ጠርዝ ከቅንድብዎ በላይ በአግድም መቀመጥ፣ የጉንጩ ስፖንጅ ደግሞ ጉንጭዎን ወደ አፍዎ ገፋ ማድረግ አለበት። ሲያኝኩ የጉንጭዎን ሥጋ በትንሹ ቢነክሱ አይደንግጡ፤ አዲስ ሄልሜት እንዲህ ነው።

አሁን ሄልሜቱን በሁለት እጅዎ ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ለማንቀሳቀስ ይሞክሩ። የግንባርዎና የጉንጭዎ ቆዳ አብሮ መንቀሳቀስ አለበት። ሄልሜቱ ቆዳዎ ላይ እየተንሸራተተ ከዞረ ሰፊ ነው፤ አንድ ቁጥር ዝቅ ይበሉ። ቀጥሎ ማሰሪያውን አስረው አገጭዎን ወደ ደረትዎ ዝቅ ያድርጉና አብሮዎት የመጣ ሰው ከማጅራትዎ በኩል የሄልሜቱን ጠርዝ ይዞ ወደ ላይና ወደ ፊት እንዲገፋው ይጠይቁ። ከወጣ ወይም ዓይንዎን እስኪሸፍን ከተንሸራተተ አይግዙት። ይህ ፈተና ከሁሉም በላይ ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም በአደጋ ጊዜ አንዴ ወልቆ የበረረ ሄልሜት ለቀጣዩ ግጭት አይገኝም።

ከዚያ አያውልቁት። ከሻጩ ጋር እየተጫወቱም ቢሆን አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ራስዎ ላይ ያቆዩት። እኩል መጥበቅ ጤናማ ነው፤ አንድ ነጥብ ላይ፣ በተለይ ግንባር ላይ የሚቆረቁር ሕመምና ሲያወልቁት የሚታይ ቀይ ምልክት ግን ቅርጹ ለእርስዎ እንዳልተሠራ ይነግራል። ሻጩ «ሲለመድ ይሰፋል» ይልዎታል። ግማሹ እውነት ነው፦ የጉንጩ ስፖንጅ በጥቂት ወራት ይላላል፤ ግንባርዎን የወጋው ደረቁ ፎም ግን ከዓመት በኋላም ያው ነው። እዚያው ሳሉ መነጽር ካለዎት አድርገው ይሞክሩት፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዞረውም ከጎን የሚመጣ መኪና በዓይንዎ ጠርዝ መታየቱን ያረጋግጡ።

የፀጉር ነገርም አለ። ጎፈሬ ወይም ወፍራም ሹሩባ ያለው ሰው የሚሞክረው ሁልጊዜ በሚነዳበት የፀጉር አኳኋን መሆን አለበት። ከላይ የተቋጠረ ፀጉር ሄልሜቱን ከአናት ያነሳዋል፤ ዝቅ ተደርጎ ማጅራት ላይ ቢያዝ ይሻላል። ሻሽ ወይም ሂጃብ የምታደርግ ሴት ስስ ጨርቅ አድርጋ፣ እጥፉንና መርፌውን ከሄልሜቱ ሥር አስወግዳ ትለካ። ከሄልሜት ሥር ወፍራም የሱፍ ኮፍያ ማድረግ ግን ልኩን ያበላሻል።

ደረጃ 5፦ ማሰሪያው

ማሰሪያው ስፋቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ፣ ሥሩም ከቅርፊቱ ጋር በብረት የተመታ መሆን አለበት። ሁለት የብረት ቀለበቶች ያሉት ዓይነት ከጊዜ ብዛት የማይላላ በመሆኑ እኔ የምመርጠው ነው፤ ጥርስ ጥርስ ያለው ቀጭ የሚለው ማያያዣ ለማሰር ይፈጥናል፣ ነገር ግን ርዝመቱን በየጊዜው ማስተካከል ይጠይቃል። ታስሮ ሳለ በአገጭዎና በማሰሪያው መካከል ከሁለት ጣት በላይ ማለፍ የለበትም። ለትራፊክ ፖሊስ ሲባል ብቻ ተደፍቶ ማሰሪያው የሚወዛወዝ ሄልሜት በመጀመሪያው ምት ይወልቃል።

ደረጃ 6፦ መስታወቱ

ፊት ለፊት ዓይንን የሚሸፍነው መስታወት ያልተጫረና ያልደበዘዘ፣ ጥርት ያለ ይሁን። ጥቁሩ ለቀን ብቻ ነው፤ ማታ መብራት በሌለበት መንገድ ላይ ጉድጓድና እንስሳ ይደብቃል። በክረምትና እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ብርዳማ ቦታዎች ጠዋት ጠዋት በትንፋሽ ጉም እንዳይይዝ፣ ፒንሎክ የተባለውን ተጨማሪ ስስ ሽፋን የሚቀበል ቢሆን ይመረጣል።

ከኋላ ለሚቀመጠው

በሐዋሳም ሆነ በአርባ ምንጭ ሹፌሩ ጥሩ ሄልሜት አድርጎ ተሳፋሪው ባዶ ራሱን፣ ወይም መሪው ላይ የተንጠለጠለች አሮጌ ቆብ ደፍቶ ሲሄድ ማየት የተለመደ ነው። አስፋልቱ ለሁለቱም አንድ ስለሆነ የተሳፋሪውም ሄልሜት በዚሁ መንገድ ይመረጥ። ለብዙ ሰው የሚያገለግል ከሆነ ሁለት የተለያዩ ልኮች መያዝና ስስ የጨርቅ ቆብ ማዘጋጀት ልኩንም ንጽሕናውንም ያግዛል። ልጅ በአዋቂ ሄልሜት አይጓዝ፤ ለጭንቅላቱ የሚሆን ሄልሜት ካልተገኘ ሞተር ላይ አለመጫን ነው።

ያገለገለ፣ የወደቀና ያረጀ

ያገለገለ ሄልሜት አልመክርም። ውስጡ የደቀቀ ፎም ከውጭ አይታይም፤ ቅርፊቱ ተቀብቶና ተወልውሎ አዲስ መስሎ ይሸጣል። የግድ ከሆነ የሚያውቁት ሰው ይሁን፣ ውስጡንም አውጥተው ስንጥቅና ስርጉድ ይፈልጉ። ምንም አደጋ ሳይደርስበትም አምራቾች በአብዛኛው በአምስት ዓመት ገደማ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ ላብ፣ የፀጉር ቅባትና ፀሐይ ማጣበቂያውንና ስፖንጁን ያረጁታልና።

ቤንዚን ፎሙን ያቀልጠዋል። ስለዚህ ሄልሜቱን ጄሪካን አጠገብ አያስቀምጡ፣ በነዳጅ በነካ ጨርቅ አይጥረጉት፣ በቲነር ቀለምም አይቀቡት፤ ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል። ሞተሩ ሲቆም በመመልከቻ መስታወቱ ዘንግ ላይ መስቀል በየመንደሩ የሚታይ ልማድ ነው፤ ዘንጉ ግን በየቀኑ ፎሙን እየወጋ ያጎደጉደዋል። በማሰሪያው ያንጠልጥሉት ወይም መሬት ላይ በአፉ ደፍተው ያስቀምጡት።

ባዶውን ከጠረጴዛ ቢወድቅ ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ ከጭረት አያልፍም፤ ራስ ውስጥ ሆኖ ከተመታ ግን ምንም ስንጥቅ ባይታይበት ሥራውን ጨርሷል፤ ይቀየር። ሲጥሉትም ማሰሪያውን በመቀስ ከሥሩ ይቁረጡት፤ ካልሆነ አንዱ አንስቶ፣ ወልውሎ፣ ለሌላ ሰው ይሸጠዋል።